ማርያም የሳመቻቸውን ስቆጥር

ጡረታ ከወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ከጅጋ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ የሰው ልጅ ገለጥሁ። ሳላስበው ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሕፃኗን በሁለት ፎጣና በአንድ ነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። እኔም እጄን ብብቴ ሥር አሙቄ ፎጣውን ከአንገቱ ጀምሬ መፍታት ያዝሁ። «ሴትዮ፣ ምን ነካዎት?» ስትል ነው የነቃሁት። ረዳቱ ሳቀ፣ ሾፌሩ በመስታወት አየኝ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ሥራዬ ሆኖብኝ ነው» አልኋት።

«ልጅ መግፈፍ ነው ሥራዎ?» አለች፣ ልጇን ወደ መስኮቱ እያሸሸች።

ነርስ እንደነበርሁ አስረድቼ እስክታምነኝ ድረስ ፍኖተ ሰላም ልንገባ ሆነ። መጨረሻ ላይ ራሷ ገለጠችልኝ። የሚራገጥ፣ የሚቆጣ፣ ገላው ንጹሕ የሆነ ወንድ ልጅ ነው። መርቄው ወረድሁ።

ልጆቼም በዚህ አመሌ ይስቁብኛል። ሰፈር ውስጥ አራስ የሚጠይቁ ሴቶች «ይታይሽን ይዛችሁ አትሂዱ፣ ልጁን ብርድ ታስመታዋለች» ይላሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ለምን እንደምገልጥ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ይኸው ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ገና ወንበሩን ሲያሟሙቅ ከነርስ ትምህርት ቤት ተመረቅሁ። ዕጣ ሲወጣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ የምትገኝ አንዲት ጤና ጣቢያ ደረሰችኝ። ደመወዜ ስንት እንደነበር አልናገርም፣ የልጅ ልጆቼ ቀልድ ይመስላቸዋል። ሁለት ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛን ነበረን። በዚያ አገር ነጭ ካፖርት የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ዘበኛው አቶ ፈንቴ አንድ ቀን በብርድ ምክንያት ካፖርቴን ደርቦ ቢገኝ እኔ እስክመለስ ሦስት ሰው መርምሮ አሰናብቷል። አንዱን «ጨው ቀንስ» ብሎታል። ምክሩ ክፉ አልነበረም።

ለክትባት ወደ ገጠር የምወጣው በበቅሎ ነበር። በቅሎዋ ጠላ ቤት ባየች ቁጥር ቀጥ ብላ ትቆማለች። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ማንም አልነገረኝም፤ እሷ ነገረችኝ።

ያቺ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው ደብሬ የምትባል የገበሬ ሚስት ልጅ የወለደችው። ሕፃኗ በሰባት ወሯ የመጣች፣ ከመዳፌ ትንሽ የምትበልጥ ሴት ናት። ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚሆን መሣሪያ ስላልነበረን እናቷ ጡት መሐል አስገብተን በገላዋ ሙቀት አቆየናት። ተረፈች። እኔ ከደስታዬ ብዛት ራሴን እንደ ትልቅ ሐኪም ቆጠርሁ። አራሷ ወደ ቤቷ ከተመለሰች ከወር በኋላ ለጥየቃ ሄድሁ። ሕፃኗ እስከ አገጯ ተጠቅልላ ተኝታለች። አንገቷ ላይ እንደ በሰለ እንጆሪ ቀላ ያለ፣ ከፍ ከፍ ያለ ምልክት ወጥቷል።

«ማርያም ስማልኛለች» አለችኝ ደብሬ በኩራት።

በእኛ አገር ልጅ ገላው ላይ ምልክት ሲኖረው ማርያም ስማዋለች ይባላል። የተሳመ ልጅ የተመረቀ ነው፤ ማንም ምልክቱን ይዞ ሐኪም ቤት አይሄድም። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝና «ታድላ» አልሁ።

«ደግሞስ አመሏ! አታለቅስ፣ አታስቸግር። እኔ ነኝ ቀስቅሼ የማጠባት፤ ጡት እንኳ አትለምን።»

«ጨዋ ልጅ ነው የወለድሽው» ብዬ መረቅኋት። ካርዷ ላይ «ደህና ናት» ብዬ ጻፍሁ። የቀረበልኝን ገንፎ በልቼ በበቅሎዬ ተመለስሁ።

እንደገና ያየኋት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ፣ ለክትባት ስትመጣ ነው። ደብሬ ከሁሉ አስቀድማ የነገረችኝ ጠበል ሲነካት እንኳ ትንፍሽ አለማለቷን ነበር። ምላሷ ከአፏ ወጣ ብሏል። ቆዳዋ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። እምብርቷ ተገፍቶ ወጥቷል። ሆዷ አምስት ቀን ደርቋል። ለመርፌው ብዬ ልብሷን ሳወልቀው ጀርባዋና ሆዷ ላይ ሌሎች ቀያይ ምልክቶች ተዘርተዋል። መርፌውን ስወጋት ያወጣችው ድምፅ የሻከረ፣ የደከመ ነበር፣ ልቅሶ አይባልም። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላክኋት፣ መድኃኒትም ተጀመረላት፤ ነገር ግን አእምሮ የሚሠራበት ጊዜ አልፎ ነበር። እናትነሽ ትባላለች። ቆማ በእግሯ የሄደችው በሦስት ዓመቷ ነው። ቃል ለማውጣት እጅግ ትቸገራለች። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያን ቀን ፎጣውን ብፈታው ኖሮ አየው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርሁና ሲስተር እማዋይሽ እጅ ገባሁ። ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት የሚቆዩበትን ክፍል የምትመራ፣ አጭር፣ ወፍራም፣ ስትራመድ ወለሉ የሚሰማት ሴት ናት። ዶክተሮቹ ሳይቀሩ ይፈሯታል። ከእሷ በላይ የነበሩን አንድ ኃላፊ ሪፖርት የሚወዱ ሰው ነበሩ። በየወሩ መጨረሻ ሰንጠረዥ ሙሉልኝ ብለው ሲመጡ ሕፃን ታስይዛቸዋለች። ሕፃን የያዘ ሰው እንዴት ስለ ሰንጠረዥ ያወራል? ቆመው ቆመው ይሄዳሉ።

ስለ እናትነሽ የነገርኋት አብሬያት በሠራሁ በወሩ ነው። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

«ምልክቱ ስንት ነበር?» አለችኝ።

«በወሯ ሳያት አንድ ነበር።»

«ገልጠሽ ነው?»

«አይ፣ አንገቷ ላይ ያለውን ነው ያየሁት።»

«እንግዲያማ አንዱን ነው ያወቅሽው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንሥታብኝ አታውቅም።

ያስተማረችኝን በአጭሩ ልናገር። እንቅርት የሚያብጥበት ቦታ ላይ ያለችው ዕጢ፣ ታይሮይድ የምትባለው፣ ለአካልና ለአእምሮ ማደጊያ የሚሆን ቅመም ታመርታለች። አብዛኛው የቆዳ ምልክት ምንም አያመጣም፣ ራሱ ይጠፋል። ግን እነዚያ ከደም ሥር የሚበቅሉት ምልክቶች በጣም ሲሰፉ ወይም ከአምስት በላይ ሲሆኑ ጉበት ውስጥም ጓደኞች ሊኖሯቸው ይችላል። ያን ጊዜ ዕጢዋ የምታመርተውን ቅመም እነሱ ይበሉታል፤ ጎተራ እንደገባ አይጥ ማለት ነው፣ ገበሬው ቢያስገባ ቢያስገባ አይሞላም። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ደግሞ መጀመሪያውኑ ጎተራው ትንሽ ነው። ክፉነቱ፣ ምልክቶቹ በልደት ቀን አይታዩም። ፈዘዝ ያለች ነጥብ ትሆናለች፣ ከዚያ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ትፈነዳለች። በእኛ አገር ያን ጊዜ ልጅቱ አራስ ቤት ናት፣ ሴት ከሆነች እስከ ሰማንያ ቀን ማንም አያያትም።

ስለዚህ እማዋይሽ ደንብ ነበራት። እጇን ብብቷ ሥር ታሞቃለች፤ ቀዝቃዛ እጅ ያስለቀሰው ልጅ ልቅሶው አይታመንም ትላለች። ልጁን ሙሉ በሙሉ ትገልጣለች፣ በጆሮ ኋላ፣ በብብት፣ በመቀመጫ መሐል ሳይቀር እየነካች ትቆጥራለች። ትልቁን ምልክት በጥጥ ፈትል ትለካና ጫፉን ቋጥራ ካርዱ ላይ በስፌት ትሰፋዋለች። በሳምንቱ አዲስ ፈትል ከአሮጌው ጎን ይሰፋል። ቁጥር የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል፣ ፈትል አይሳሳትም ባይ ናት። እናቲቱንም «ልጅሽ እንዴት ናት?» ብላ አትጠይቃትም። «በምን ታስቸግርሻለች?» ነው የምትላት። እንቅልፍ ነሣችኝ፣ ጡቴን ነከሰችኝ እያለች የምታማርር እናት ተመርቃ ትሄዳለች። «ኧረ ምንም አታስቸግረኝም» ያለች ግን ወንበር ይሳብላታል፣ ጥያቄው ያኔ ይጀመራል።

እማዋይሽ ጡረታ ወጥታ መራዊ እኅቷ ዘንድ ስትገባ ክፍሉ ለእኔ ተረፈ። የሰብለ ነገር የመጣው ያኔ ነው።

የሰብለ እናት አንጓች የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ከጅጋ አለፍ ብሎ ካለ ገጠር የመጣች። ሰብለም በሰባት ወሯ ነው የተወለደች። ስገልጣት ሁለት ፈዛዛ ነጥቦች አየሁ፣ ፈትሌን ሰፋሁ። ደሟን በክትባት ሳጥን በረዶ ውስጥ አድርገን ባሕር ዳር ላክን። ውጤቱ ደህና ነው ተባለ። ጊዜው ያልደረሰ ልጅ ግን በአንድ ደም አይታመንም፣ ከሳምንታት በኋላ ይገለበጣል። ክብደቷ ሞላ ሲል አንጓችን «በሁለት ሳምንት ተመለሺ» ብዬ ሸኘኋት። «እሺ ሲስተር» አለችኝ፣ አንገቷን ደፍታ። የአገሬን እሺ አውቀዋለሁ፤ እምቢ ለማለት የሚያፍር ሰው እሺ ነው።

በሁለት ሳምንት አልመጣችም። በሦስተኛው ቅዳሜ ባጃጅ ይዤ፣ ከዚያም በእግር ወርጄ ሄድሁ። አማቷ መሪጌታ ጥበቡ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ አገር የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እማማ በላይነሽ በር ላይ ተቀበሉኝ። በሩ ላይ ብቻ።

«ሰማንያዋ ሳይሞላ አራስ ከደጅ አትወጣም፣ ሲስተር።»

«እማማ፣ እኔ እገባለሁ እንጂ እሷ አትውጣ።»

«ክርስትና ያልተነሣች ልጅስ ደሟ ይፈሳል? ደግሞ ምን ጎደላት? እመቤታችን ሰባት ቦታ ነው የሳመቻት። እንደሷ ያለ ጨዋ ልጅ ይህ ቤት አላየም፣ ለጡት እንኳ በመከራ ነው የምትነቃ።»

ሰባት! ሁለት ነበር የተውሁት። ከውስጥ ደግሞ ምንም ድምፅ አይሰማም። መሪጌታ ከተማሪዎቻቸው መሐል ተነሥተው መጡና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«የኔታ፣ ትንሽ ይስሙኝ» አልሁ።

«ተናገሪ።»

ስለ ዕጢና ስለ ጎተራ ልነግራቸው አስቤ ነበር የመጣሁት። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። «አንዲት ልጅ ነበረች፣ የኔታ። እንደ ሰብለ ጊዜዋ ሳይደርስ የመጣች፣ እንደሷ የተሳመች። አታለቅስም ነበር። እኔ በገዛ አፌ ጨዋ ናት ብዬ መረቅኋት፣ ገንፎም በላሁላት። ዝምታዋ በሽታ ነበር። ፎጣዋን አልፈታሁም።»

«ዛሬስ?»

«አለች። ትስቃለች፣ ጥጆች ትጠብቃለች። ቃል ግን አይወጣላትም። ትምህርት ቤት ሞክራ ተመለሰች። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እናቷ እስከ ዛሬ አታውቅም።»

ይህን ለሰው ስናገር ከእማዋይሽ ቀጥሎ ሁለተኛዬ ነበር። አለቀስሁ፣ አልደብቅም። መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኩ።

«የተሳመችስ እንደሆን፣ የሳመቻት እመቤት የሚገልጣት ሰው ብትልክላት ምን ይገርማል?» አሉና ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «በላይነሽ፣ ልጅቱን አምጭያት።»

ገለጥኋት። ገላዋ ቀዝቅዟል። አንገቷ ሥር ያለው ምልክት ከፈትሌ በእጥፍ አልፏል፣ ጉበቷም በጣቴ ተነካኝ። ከተረከዟ ደም ወስጄ እየሮጥሁ ወረድሁ። በአራተኛው ቀን ከባሕር ዳር ስልክ ተደወለ፣ ልጅቱ ዛሬውኑ ትምጣ ተባለ።

አምቡላንሱ ሲደርስ እማማ በላይነሽ አራሷ ብረት ካልያዘች አትወጣም አሉ። ደግሞ ብረቱን ለልጅ አላምንም ብለው ራሳቸው የቤቱን ትልቅ ቢላዋ ይዘው ተሳፈሩ። ሾፌሩ እስከ ባሕር ዳር ድረስ አንገቱን ቀብሮ ነዳ። «እማማ፣ በእመብርሃን ይሁንብዎ፣ ስለቱን ወደ መስኮቱ ያድርጉልኝ» ይላል በየጉብታው። የሆስፒታሉ ጥበቃ ቢላዋውን ሲያይ የተፈጠረውን ግርግር ብጽፈው ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል። ብቻ ቢላዋው በር ላይ ቀረ፣ በምትኩ የእኔን መቀስ ለአንጓች አስያዝናት።

ጉበቷ ውስጥ እንደፈራነው ሌሎች ምልክቶች ተገኙ። ሐኪሙ የታይሮይድ ኪኒኑን ለክብደቷ ከሚሰጠው በላይ አድርጎ አዘዘ፤ የሚበላው አይጥ ብዙ ነውና። ምልክቶቹን የሚያከስም፣ ለትልቅ ሰው ለልብ የሚሰጥ ኪኒንም ተጨመረ። ኪኒኑን አድቅቆ በእናት ጡት ወተት በማንኪያ መስጠት ለአንጓች ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ሳትረሳ ሰጠቻት። ሰብለ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ጩኸቷ ቅዳሴውን አውኳል ተብሎ መልእክት ተላከልኝ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ እስክስታ መትቻለሁ፣ ያዩ አሉ።

ጠቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዓመት ሲሞላት ምልክቶቹ እየከሰሙ ሄዱ። እማማ በላይነሽ ልጅቱን አዝለው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጧት። «የእመቤታችንን ስሞሽ አጠፋሽብን!» አሉኝ። ሰባት የነበረው ሦስት ሆኗል፣ እሱም ደብዝዟል። የቱን ያህል ባስረዳቸው አልሰሙኝም። በስተመጨረሻ ቆጥሬ ቆጥሬ ጆሮዋ ኋላ አንዲት ቀይ ነጥብ አገኘሁላቸው። «ይቺን አትነኪብኝ» ብለው አስጠንቅቀውኝ ሄዱ። አልነካኋትም፤ ራሷ ጠፋች። ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ የሚበላ ስለሌለ ኪኒኑም ቀስ በቀስ ቀርቶ ቆመ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ መሪጌታ ጥበቡ ክፍላችን መጡ። አርጅተዋል። ተራ ይዘው እናቶች መሐል አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ቅድሚያ እንስጥዎ ብንላቸው እምቢ አሉ። ተራቸው ሲደርስ ገቡ።

«ልወቅስሽ ነው የመጣሁ» አሉ።

«ምን አጠፋሁ፣ የኔታ?»

«ያቺ ልጅ ተማሪ አባረረችብኝ። ስድስት ዓመቷ ነው። ደጅ ላይ እየተጫወተች የሚቀጽሉትን፣ ድምፅ አውጥተው የሚያጠኑትን ሁሉ ሰምታ ትይዛለች። ሲሳሳቱ ታርማለች፣ ትስቃለች። ሁለቱ አፍረው ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። ዝም በይ ስላት ለምን ትላለች። የሚያዘገይ ኪኒን የለሽም?»

«ለዚህ መድኃኒት የለንም» አልኋቸው፣ ሆዴን ይዤ እየሳቅሁ። እሳቸውም ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ከዚያ መቋሚያቸውን ተደገፉ። ለመነሣት መስሎኝ ነበር።

«ያችኛዋስ?» አሉ።

«የትኛዋ?»

«ለእኛ ያለቀስሽላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጸሎት አስባታለሁ። ግን ያቺ ልጅ እያልሁ ነው የማስባት። ስመ ክርስትናዋን ንገሪኝ።»

ክብደቷን አውቃለሁ፣ የተወለደችበትን ሰዓት አውቃለሁ፣ የካርድ ቁጥሯን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስመ ክርስትናዋን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ፊታቸው ቆሜ አፈርሁ።

በማግሥቱ በቡሬ በኩል ወጣሁ። ደብሬ ፀጉሯ ሸብቷል። ግቢዋ ውስጥ ተቀምጬ፣ ስንት ዓመት ያቆየሁትን ሁሉ ነገርኋት፤ ፎጣውን፣ ካርዱን፣ ምርቃቱን። እጄን ያዘች።

«እኔም እኮ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር።» ከዚህ ሌላ ስለዚያ ነገር አልተናገረችም፣ እጄን ግን አልለቀቀችም።

ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኋት፣ መሪጌታ ለጸሎት ስመ ክርስትናዋን እንደሚፈልጉ። ደብሬ ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት እናትነሽ ከጥጆቹ በኩል መጣች። ትልቅ ሴት ሆናለች፣ ከእኔ ትረዝማለች። እናቷን በእጇ ከለከለቻት። ከንፈሯ ብዙ ታገለ። እኛ ጠበቅን። ደብሬም እኔም አላገዝናትም።

«ወለተ... ሰንበት» አለች፣ ራሷ።